«ገባችሁ?»፦ ጀማሪ ሐኪም ማስተማርን መቼ ይማር?

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። የዋርዱ መብራት ግማሹ ጠፍቷል። ተረኛዋ ሐኪም ከተመረቀች ገና ስድስት ወሯ ነው። አንድ በሽተኛ ትንፋሽ አጥሮታል። ደረቱን ታዳምጣለች፣ ኦክስጅኑን ታስተካክላለች፣ የሚታዘዘውን ታዝዛለች፣ ለሲኒየሯ ትደውላለች። አጠገቧ ሁለት የሕክምና ተማሪዎች ቆመዋል። በሽተኛው ትንሽ ሲረጋጋ አንደኛው ጠጋ ብሎ «ዶክተር፣ የልብ ድካም መሆኑን ከሳንባ ምች በምን ለየሽው?» ይላታል።

ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ አስተማሪ ሆናለች። ማንም አልሾማትም። እንዴት እንደሚያስተምሩም ማንም አላሳያትም። ደክሟታል፣ እራት አልበላችም፣ ገና ሦስት በሽተኛ ይጠብቃታል። የምትሰጠው መልስ ግን ልጁ ጭንቅላት ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል። ምናልባትም ከአንድ ሰዓት ሌክቸር የበለጠ።

ሕክምና የተማረ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ተማሪው ትልቁን ፕሮፌሰር በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ራውንድ ላይ፣ ሐኪሞቹ በሽተኞችን እየዞሩ ሲያዩ፣ ያገኘዋል። ቀኑን ሙሉ፣ ሌሊቱንም ጭምር አብሮት የሚውለው ግን ኢንተርኑ (የተግባር ልምምድ ላይ ያለው ጀማሪ ሐኪም) ወይም ሬዚደንቱ (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥነው ሐኪም) ነው። ካቴተር እንዴት እንደሚገባ፣ ካርድ ላይ ምን እንደሚጻፍ፣ መርዶ ለቤተሰብ እንዴት እንደሚነገር የሚያየው ከእሱ ነው። በዘርፉ ጽሑፎች ውስጥ ተደጋግመው የሚጠቀሱ ሁለት ግምቶች አሉ። ሬዚደንቶች ከሥራ ሰዓታቸው እስከ ሩብ የሚደርሰውን በማስተማር ያሳልፋሉ ይባላል። ተማሪዎች ደግሞ በሆስፒታል ካገኙት እውቀት እስከ ሲሶ የሚደርሰውን ከእነዚህ ወጣት ሐኪሞች እንዳገኙት ይናገራሉ። ቁጥሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ዋርድ ውስጥ የቆየ ሰው ግን ብዙ አይገረምበትም።

ስለዚህ ጀማሪ ሐኪም ያስተምር ወይስ አያስተምር የሚለው ክርክር አልፎበታል። እያስተማረ ነው። ቀሪው ጥያቄ ማስተማርን መቼ ይማረዋል የሚለው ነው። ዛሬ በብዙ ቦታ መልሱ «በኋላ» ነው። ስፔሻሊስት ከሆነ በኋላ፣ ሌክቸረር ሆኖ ከተቀጠረ በኋላ፣ አንድ ወርክሾፕ ከወሰደ በኋላ። እኔ ይህ በጣም የዘገየ ነው ባይ ነኝ። ከተመረቀ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት፣ ሕክምናውን በእጁ እየለመደ ሳለ፣ በሥራ ሰዓቱ ውስጥ ነው መማር ያለበት።

የራሴን ልንገራችሁ። ሐኪም በሆንኩ በመጀመሪያው ዓመት አራት ተማሪዎች ተሰጡኝ። ደረት እንዴት እንደሚመረመር ላሳያቸው ነበር። ሃያ ደቂቃ ያህል አወራሁ። እያንዳንዱን ድምፅ አብራራሁ፣ በአፌም አስመስዬ አሰማኋቸው። መጨረሻ ላይ «ገባችሁ?» አልኳቸው። አራቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። ደስ ብሎኝ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

በማግስቱ ከአራቱ አንዷ በሽተኛ ስትመረምር አየኋት። ስቴቶስኮፑን ከፊት በኩል ሁለት ቦታ አስቀምጣ ጨረሰች። ጀርባውን አልነካችውም። የሳንባው የታችኛው ክፍል በደንብ የሚደመጠው ከጀርባ ነው። ይህን ትናንት ነግሬያታለሁ። በራሴ ጆሮ የሰማሁት ነገር ነው። እኔ ስለተናገርኩ ያስተማርኩ መስሎኝ ነበር።

«ገባችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚያገኘው መልስ አንድ ብቻ ነው። በሲኒየር ፊት፣ በጓደኞቹ መሃል፣ «አይ፣ አልገባኝም» ለማለት ብዙ ድፍረት ይጠይቃል። ደግሞም ተማሪው ራሱ እንዳልገባው ላያውቅ ይችላል። ሲሰሙት ቀላል የሚመስል ነገር ሲሠሩት ነው ጉዱ የሚታየው። እኔ በዚያ ቀን አምስት ደቂቃ አውርቼ «በሉ እስቲ አሁን አንዳችሁ አሳዩኝ» ማለት ነበረብኝ። ይህን ለማወቅ ትልቅ ትምህርት አያስፈልግም። አንድ ሰው አጠገቤ ቆሞ አይቶኝ ቢነግረኝ ይበቃኝ ነበር። ያ ሰው ግን አልነበረም።

ከዚያ ቀን በኋላ ብዙ ጊዜ የማስበው ስለ ተማሪዎቹ ብቻ አይደለም። ስለ በሽተኞቼም ነው። አስም ላለባት እናት ኢንሄለር ስሰጥ የማደርገው ያንኑ ነበር። አሳያትና «ገባዎት?» እላታለሁ። «አዎ ዶክተር» ትለኛለች። ከወር በኋላ ያው ትንፋሿ እያፏጨ ትመጣለች። መድኃኒቱን እጨምራለሁ። አንድ ቀን «እስቲ እንዴት እንደሚወስዱት ያሳዩኝ» ስላት አየር ስባ ከጨረሰች በኋላ ነው የምትጫነው። መድኃኒቱ አፏ ውስጥ ቀርቷል። ሳንባዋ አልደረሰም። ለወራት መድኃኒት ስጨምርላት የነበረው ለዚህ ነበር።

እነዚህን ሁለት ታሪኮች አጠገብ ለአጠገብ ያስቀመጥኳቸው በምክንያት ነው። ማስተማርን መማር ፕሮፌሰር መሆን ለሚፈልጉ ብቻ የተተወ ተጨማሪ ሙያ ተደርጎ ይታያል። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ሰው ምን እንደሚያውቅ መጠየቅ፣ ከዚያ መጀመር፣ በትንሽ በትንሹ መናገር፣ መያዙን በተግባር ማረጋገጥ፣ ስህተቱን ሳያሳፍሩ ማረም። ይህ ለተማሪም ለስኳር በሽተኛም አንድ ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ተማሪ ነው። ልጇን በቤት የምታስታምም እናት ተማሪ ናት። ማስተማር የማይችል ሐኪም ትክክለኛውን መድኃኒት አዝዞም በሽተኛውን ሊያጣው ይችላል።

ለምን ጀማሪው?

«ራሱ ገና ያልበሰለ እንዴት ያስተምራል?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ግማሹን መልስ ያለመብሰሉ ራሱ ይሰጠናል።

ሰው በሙያው ሲበስል እርምጃዎቹ ይዋሃዱበታል። ሃያ ዓመት የሠራች የውስጥ ደዌ ሐኪም በሽተኛው ከበር ሲገባ አካሄዱን፣ የፊቱን ቀለም፣ አተነፋፈሱን በአንድ እይታ ታነባለች። «እንዴት አወቅሽ?» ብትሏት ለራሷም ለመግለጽ ይቸግራታል። የተማረችበት መንገድ ጠፍቶባታል። ጀማሪው ግን መንገዱን ገና ትናንት ነው የሄደበት። የት ጋ እንደተደናቀፈ ያስታውሳል። ኢሲጂ (የልብ ምት የተቀዳበትን ወረቀት) ሲያነብ የትኛው መስመር እንዳምታታው፣ የአሲድና ቤዝ ነገር በምን ምሳሌ እንደገባው ያውቃል። የትምህርት ተመራማሪዎች ይህን በአስተሳሰብ መቀራረብ ይሉታል። ተማሪውም ጀማሪውን አይፈራውም። ፕሮፌሰሩን የማይጠይቀውን «የጅል ጥያቄ» እሱን ይጠይቀዋል። በነገራችን ላይ ዋርድ ውስጥ በሽተኛን የሚያድኑት ብዙ ጊዜ እነዚያ ጥያቄዎች ናቸው።

ሌላው ጥቅም ለጀማሪው ለራሱ ነው። አስተምራለሁ ብሎ የሚያነብ ሰው ለፈተና ከሚያነብ ሰው በተለየ መንገድ ያነባል። ሐሳቡን በቅደም ተከተል ያስቀምጣል፣ «ቢጠይቁኝስ?» እያለ ክፍተቱን ይፈልጋል። ቆሞ ለሌላ ሲያስረዳ ደግሞ የራሱን እውቀት ቀዳዳ ያየዋል። እኔ ስለ ሶዲየም ማነስ በትክክል የገባኝ ለተማሪዎች ለማስረዳት ሞክሬ መሃል ላይ ስቆም ነው። በዚያ ሌሊት ቁጭ ብዬ እንደገና አነበብኩት።

የቀረው ግማሽ ጥያቄ ግን እውነት አለው። ጀማሪ ይሳሳታል። ስህተቱን ደግሞ በእርግጠኝነት ሊናገረው ይችላል። የተሳሳተ መጠን፣ የተሳሳተ ዘዴ ለአራት ተማሪ ከነገረ ነገ አራት ዋርድ ይደርሳል። ለዚህም ነው ማስተማርን እንዲማር የምለው። የመጀመሪያው ትምህርት «አላውቅም፣ አብረን እንየው» ማለት መቻል ነው። ይህን ቃል ለተማሪ መናገር የለመደ ሐኪም ለሲኒየሩም ለበሽተኛውም ለመናገር አይከብደውም።

የቆየ ቃል፣ የጎደለ ሥልጠና

ነገሩ አዲስ አይደለም። «ዶክተር» የሚለው ቃል ራሱ የመጣው ማስተማር ከሚል የላቲን ግሥ ነው። በሂፖክራተስ ስም የሚጠራው ጥንታዊ መሐላም ሐኪሙ ጥበቡን ለተከታዮቹ ሊያስተምር ቃል ያስገባዋል።

ዘመናዊው የሬዚደንት ሥልጠና መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1889 በተከፈተው የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ነው። ዊልያም ኦስለር ተማሪዎችን ከአዳራሽ አውጥቶ አልጋ አጠገብ አቆማቸው። መቃብሬ ላይ ሌላ ነገር አይጻፍ፣ ተማሪዎችን በዋርድ ውስጥ ማስተማሬ ብቻ ይጻፍ የሚል ምኞት ነበረው። ዊልያም ሃልስቴድ ደግሞ ቀዶ ሐኪሞችን ደረጃ በደረጃ ኃላፊነት እየጨመረ አሠለጠነ። «አንዱን እይ፣ አንዱን ሥራ፣ አንዱን አስተምር» የሚለው በየሆስፒታሉ የሚነገር አባባል ብዙ ጊዜ ከእሱ ሥርዓት ጋር ይያያዛል።

ይህ አባባል ብዙ ተተችቷል። አንድ ጊዜ አይቶ መሥራት ለበሽተኛ አደገኛ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቃላት ተስተካክለዋል። ዛሬ ደህና ሥልጠና ባለበት ቦታ በሞዴል ይለማመዳሉ፣ በክትትል ሥር ይሠራሉ፣ የሠሩት እየተቆጠረ ይመዘገባል። ሦስተኛው ቃል ግን ብዙ ቦታ እንዳለ ቀርቷል። የሠራ ሰው ማስተማር ይችላል ተብሎ ይታሰባል። ላምባር ፓንክቸር (ከጀርባ በመርፌ የአከርካሪ ፈሳሽ መቅዳት) ብቻውን ለመሥራት ፊርማ የሚጠየቅ ሐኪም፣ ላምባር ፓንክቸር ለማስተማር ምንም አይጠየቅም።

ይህን ለማስተካከል የተንቀሳቀሱ አገሮች አሉ። ካናዳ ሐኪሞቿን የምታሠለጥንበት ካንሜድስ የተባለ ማዕቀፍ ሰባት ሚናዎችን ይዘረዝራል። ማስተማር ከእነዚህ በአንዱ ውስጥ የእያንዳንዱ ስፔሻሊስት ግዴታ ሆኖ ተቀምጧል። በአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶችን እውቅና የሚሰጠው አካል፣ ተማሪ የሚያስተምሩ ሬዚደንቶች ለዚሁ ሥራ መዘጋጀት አለባቸው ይላል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2005 ለአዲስ ተመራቂ ሐኪሞች የሁለት ዓመት ፋውንዴሽን ፕሮግራም ጀመረች። ከፕሮግራሙ ቦታዎች የተወሰኑት ለምርምር፣ ለአመራር ወይም ለሕክምና ትምህርት የተለየ ጊዜ ይሰጣሉ። ለምሳሌ አንድ የአራት ወር ዙር፣ ወይም በየሳምንቱ አንድ ቀን። ወጣቱ ሐኪም በዚህ ጊዜ ያስተምራል፣ ስለ ማስተማር ይማራል፣ አንዳንዱ የዩኒቨርሲቲ ሰርተፊኬት ይጀምርበታል።

እኔን የሚያጓጓኝ ይህ የመጨረሻው ዓይነት ነው። ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። እንዲህ ዓይነት ቦታ በውድድር የሚገኝ፣ ጥቂቶች ብቻ የሚደርሱበት ነው። የሚወዳደረው ደግሞ ድሮም ማስተማር የሚወድ ሰው ነው። ተማሪ ፊት የሚቆመው ግን ሁሉም ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ያስፈልጋል፤ ለሁሉም ትንሽ፣ ለሚፈልጉት ብዙ።

«ለሁሉም ትንሽ» ምን ያህል ነው? ከሚታሰበው ያነሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ሬዚደንቶችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ነበር። አንደኛው ቡድን የ13 ሰዓት የማስተማር ሥልጠና ወሰደ። ሌላው አልወሰደም። ከዚያ ሁሉም ተማሪ መስለው በቀረቡ ሰዎች ፊት ሲያስተምሩ ተመዘኑ። የሠለጠኑት በግልጽ በልጠው ተገኙ። 13 ሰዓት ማለት ከአንድ ሌሊት ዲውቲ (ተረኝነት) እምብዛም የማይበልጥ ጊዜ ነው።

አንድ ደቂቃ

በእንዲህ ዓይነት አጭር ሥልጠና ውስጥ ምን ይማራሉ? ስለ ትምህርት ፍልስፍና ረጅም ሌክቸር ከሆነ ባይኖር ይሻላል። ጀማሪ ሐኪም የሚያስፈልገው ራውንድ ላይ ቆሞ፣ ስልኩ እየጮኸ ሊጠቀምበት የሚችል ነገር ነው።

በጣም የምወደውን አንዱን ላሳያችሁ። እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ የቤተሰብ ሐኪሞች ያስተዋወቁት ዘዴ ነው። የአንድ ደቂቃ አስተማሪ ሊባል ይችላል። አንድ ተማሪ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ኬዝ ያቀርባል እንበል። የ24 ዓመት ሴት፣ ከትናንት ጀምሮ ሆዷን በታችኛው ቀኝ በኩል ያማታል፣ ትኩሳት አላት። ተማሪው እዚህ ላይ ቆሞ ሐኪሟን ያያታል።

የተለመደው መልስ «ትርፍ አንጀት ነው፣ ቀዶ ሐኪሞችን ጥራ» ነው። ሥራው አለቀ። ተማሪው የተማረው ነገር የለም።

አሁን በሌላ መንገድ እንየው። ሐኪሟ «አንተ ምን ይመስልሃል?» ትለዋለች። «ትርፍ አንጀት ይመስለኛል።» ፈርቶም ቢሆን ቃሉን ሰጠ። «ለምን?» «ሕመሙ እምብርቷ አካባቢ ጀምሮ ነው ወደ ቀኝ የወረደው። ምግብም አስጠልቷታል።» ጥሩ፤ አሁን እንዴት እንደሚያስብ አወቀች። «ሌላስ ምን ሊሆን ይችላል?» ዝም አለ። ክፍተቱ ተገኘ። ያኔ አንድ ነገር ብቻ ታስተምረዋለች፦ «በመውለጃ ዕድሜ ያለች ሴት ሆዷን አሟት ስትመጣ የእርግዝና ምርመራ ሳይሠራ አይታለፍም። ከማህፀን ውጪ የሆነ እርግዝና ሊገድላት ይችላል።» ከዚያ ጥሩ የሠራውን በስሙ ጠርታ ትነግረዋለች፦ «ሕመሙ መጀመሪያ የት እንደነበር መጠየቅህ ጎበዝ።» በመጨረሻም ታርመዋለች፦ «የወር አበባዋን ግን አልጠየቅካትም። ሂድና ጠይቃት፣ እጠብቅሃለሁ።»

ይኸው ነው። ምናልባት ሁለት ደቂቃ ወሰደ። ልጁ ቃል ሰጠ፣ ምክንያቱን ተናገረ፣ አንድ ደንብ ያዘ፣ ምን እንዳሳካና ምን እንደጎደለው አወቀ። በሽተኛዋም ተጠቀመች። «ጎበዝ» ብሎ ብቻ ማለፍ እና «ይህን በመጠየቅህ ጎበዝ» ማለት ምን ያህል እንደሚለያዩ የገባኝ ይህን ዘዴ ስማር ነው። የመጀመሪያው ደስ ያሰኛል። ሁለተኛውን ነገ ይደግመዋል።

ለፕሮሲጀርም፣ ማለትም በእጅ ለሚሠራ ሕክምና፣ እንዲሁ ቀላል ነገር አለ። ፔይተን የተባለ ቀዶ ሐኪም ያስተዋወቀው ባለ አራት ደረጃ መንገድ ነው። መጀመሪያ አስተማሪው በተለመደው ፍጥነት ዝም ብሎ ይሠራዋል። ቀጥሎ እያብራራ ይሠራዋል። ከዚያ ተማሪው ያዝዛል፣ አስተማሪው በትእዛዙ ይሠራል። በመጨረሻ ተማሪው እየተናገረ ራሱ ይሠራል። ሦስተኛዋ ደረጃ ወርቅ ናት። ተማሪው መርፌ ሳይጨብጥ፣ በሽተኛም ሳይጎዳ፣ እርምጃውን መያዝ አለመያዙ ይታወቃል። ብዙዎቻችን ከሁለተኛው ወደ አራተኛው ነው የምንዘለው።

ሥልጠናው እነዚህን ካሳየ በኋላ ግን ዋናው ነገር ይቀራል። አንድ ሰው ጀማሪውን ሲያስተምር ማየት አለበት። ቀዶ ጥገና ሲሠራ እናየዋለን። ለበሽተኛ ሲያወራ አልፎ አልፎ እናየዋለን። ሲያስተምር ግን የሚያየው ተማሪው ብቻ ነው፤ ተማሪው ደግሞ በቅጽ ላይ «በጣም ጥሩ» ብሎ ይሞላል። አሥር ደቂቃ ቁጭ ብሎ አይቶ፣ ከዚያ ኮሪደር ላይ «አብዛኛውን ያወራኸው አንተ ነህ፤ ያቺ ዳር የቆመችው ልጅ አንድ ቃል አልተነፈሰችም» የሚል ሲኒየር ከብዙ ኮርስ ይበልጣል። እኔ ፕሮግራም ብነድፍ ገንዘቡንም ሰዓቱንም መጀመሪያ የማውለው እዚህ ላይ ነው።

ሳያውቁት የሚያስተምሩት

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። ጀማሪ ሐኪም ሲያስተምር ብቻ አይደለም የሚያስተምረው። በሽተኛውን በስሙ ሲጠራው ወይም «የአልጋ ሰባቱ» ሲለው ተማሪው ይሰማል። ለነርሷ እንዴት እንደሚመልስ ያያል። ስህተት ሲሠራ ካርዱ ላይ ጻፈው ወይስ ሸሸገው? ያንንም ያያል። ይህ የትም ያልተጻፈ ሥርዓተ ትምህርት ነው፤ ግን ሁሉም ይማረዋል።

ብዙዎቻችን ያለፍንበት ሌላ ነገርም አለ። በማሳፈር ማስተማር። ራውንድ ላይ በበሽተኛ ፊት ጥያቄ በጥያቄ ላይ ደራርቦ ተማሪውን ማቅለጥ። «እኔም እንዲህ ነው የተማርኩት» ይባላል። እኔም እንዲህ ተምሬያለሁ። የማስታውሰው ግን መልሱን ሳይሆን የእጄን ላብ ነው። ይህ የሚሰበረው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ካልሆነ በኋላ በጣም ይከብዳል። ሃያ ዓመት ሲሰድብ የኖረ ሐኪም በአንድ ወርክሾፕ አይለወጥም። የዲግሪዋ ቀለም ገና ያልደረቀ ሐኪም ግን «ሌላ መንገድ አለ» ስትባል ትሰማለች። የተደረገባት ገና አልተረሳትማ።

ሰዓቱ ከየት ይመጣል?

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ። ጀማሪ ሐኪም በየትም አገር የተጨናነቀ ነው። በአሜሪካ ሬዚደንቶች እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የሳምንት ሥራቸው በ80 ሰዓት ተገድቧል። እንደ ማቅለያ የመጣው ገደብ ራሱ 80 ሰዓት ነው። በዚህ ላይ «ማስተማርም ተማር» ማለት ጭካኔ ይመስላል።

በትርፍ ሰዓትህ ተማር ከተባለ እውነትም ጭካኔ ነው። እንዲህ ከሆነ ሁለት ውጤት ይመጣል። ወይ ኮርሱ በስልክ ላይ እየተጫኑ የሚታለፍ ይሆናል፣ ወይ ደግሞ ልጅ ያላትና ቤተሰብ የምትረዳ ሐኪም ትቀርና ነፃ ጊዜ ያለው ብቻ ይማራል። ሦስተኛም አለ፦ ሰርተፊኬት መሰብሰብ። ለስፔሻሊቲ ውድድር ነጥብ ስለሚያስገኝ ብቻ አንድ ጊዜ ሌክቸር ሰጥቶ፣ ቅጽ አስሞልቶ፣ ፋይል ውስጥ ማስገባት። እንዲህ የሚያደርጉትን ወጣቶች አልወቅስም። ነጥቡ ለወረቀቱ ከተሰጠ ሰው ወረቀቱን ይከተላል። ነጥቡ ታይቶ ለተመዘነ ትምህርት ቢሰጥ ሌላ ይሆን ነበር።

በተለየ ፕሮግራም ውስጥ ጊዜ የሚሰጣቸውም ሥጋት አለባቸው። አራት ወር ለትምህርት ከተሰጠ አራት ወር ከበሽተኛ አጠገብ ተቀነሰ ማለት ነው። በእጅ የሚለመድ ሥራ ደግሞ ብዛት ይፈልጋል። ይህን ሥጋት አቃልዬ አላየውም። በዚህ ምክንያት ከአንድ ረጅም ዙር ይልቅ በየሳምንቱ አንድ ቀን ወይም ግማሽ ቀን የሚለው አሠራር ይሻለኛል። ሐኪሙ ከሥራው አይርቅም። ማክሰኞ የተማረውን ረቡዕ ራውንድ ላይ ይሞክረዋል። ማስተማሩም ከበሽተኛ አልጋ ሳይርቅ ይቀራል።

ግማሽ ቀኑ ግን የእውነት ግማሽ ቀን መሆን አለበት። ብዙ ፕሮግራም የሚሞተው እዚህ ጋ ነው። ወረቀት ላይ «ሐሙስ ከሰዓት፣ የማስተማር ጊዜ» ይላል። ሐሙስ ከሰዓት ሲደርስ ዋርዱ ይደውላል። አንዱ ታሟል፣ ድንገተኛ ክፍል ሞልቷል፣ «ዛሬን ብቻ» ይባላል። የሚቀጥለው ሐሙስም እንዲሁ። ጀማሪው እምቢ ማለት አይችልም። እምቢ ቢል ሥራው የሚወድቀው ጓደኛው ላይ ነው፤ ያንን ደግሞ ማንም አይፈልግም።

ስለዚህ አንድ ሆስፒታል ወጣት ሐኪሞቻችንን ማስተማር እናሠለጥናለን ሲለኝ ስለ ኮርሱ ይዘት አልጠይቅም። የዲውቲ ሰሌዳውን አሳዩኝ ነው የምለው። ሐሙስ ከሰዓት እሷ ክፍል ውስጥ ስትሆን በሽተኞቿን የሚያየው ሰው ስም ተጽፏል? ስታስተምር የሚያያት ሲኒየርስ ስሙ አለ? ያ ሰዓት ለእሱ እንደ ሥራ ይቆጠርለታል ወይስ ከክሊኒኩ ሰርቆ ነው የሚመጣው? ሁለቱ ስሞች ሰሌዳው ላይ ካሉ፣ የቀረው ሁሉ ቀስ በቀስ ይስተካከላል።